ያልተጋበዝሁበት ማዕድ

ማክሰኞ፣ ከተራራው ሥር

ጉልበቴ አብጧል። ከሎስ አንጀለስ እስከ ቻይና በአውሮፕላን፣ ከዚያም በባቡርና በሚንገጫገጭ አውቶቡስ መጣን። ነገ ወደ ጥንታዊቱ የተራራ ከተማ እንወጣለን። እንደ ወጉ ቢሆን ኖሮ እኔ የሴት ልጅ አባት ነኝና ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈሬ ተቀምጬ ሽማግሌ ወደ እኔ ሊላክ ይገባ ነበር። ነገር ግን የልጄ የሕሊና እጮኛ ዌይ፣ ያሳደጉትን ሴት አያቱን ሳያስፈቅድ እንደማያገባ ምሏል። እርሳቸው ደግሞ በስልክ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሽማግሌው እኔው ሆንሁ። የሰፈር ሰው ቢሰማ ይሥቅብኛል።

ሕሊና አውቶቡሱ ውስጥ፣ «አባዬ፣ ፕሊስ፣ እዛ ሰው ኮሬክት እንዳታደርግ፤ ኦኬ?» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መታረም ነበረበት። ታገሥሁ።

ረቡዕ፣ ከተማይቱ

ጉም። የድንጋይ ደረጃ። የጠቆሩ የእንጨት ቤቶች። ወጣቱ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወርዷል አሉ። በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ሰው ግን የለም። የእርምጃዬ ድምፅ ከኋላዬ ጥቂት ዘግይቶ ይከተለኝ ነበር፤ ስቆም አንድ ጊዜ ረግጦ ይቆማል።

ዌይ፣ «ጋሼ፣ ቤቱ ያ ነው፤ አንተ ግባ» ብሎኝ ከሕሊና ጋር ስጦታውን ሊያመጣ ወደ ታች ተመለሰ። አንቱታን ገና አልተማረም።

ገባሁ። ጠረጴዛው ተሰናድቷል፦ የሚተን ሩዝ፣ ዓሣ፣ የአሳማ ሥጋ፣ የተሞሉ ጽዋዎች። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ማዕድ ተዘርግቶ እንግዳ ተገትሮ አይጠብቅም ብዬ፣ እንደ ታላቅነቴ በራስጌ በኩል ተቀመጥሁ። ቀኑ ረቡዕ ነውና ምንም አልቀመስሁም፤ ተነሥቼ ማዕዱን ጮክ ብዬ በግእዝ ባረክሁ እንጂ። አሜን የሚል ስላልነበረ ራሴ አሜን አልሁ።

ስቀመጥ በቀኜ ያለው ወንበር ሲጥ አለ። ልክ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

አልዞርሁም። ቀና ስል አሮጊቷ የዌይ አያት በጓዳው በር ቆመዋል። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። የሚመለከቱት ግን እኔን አልነበረም፤ በቀኜ ያለውን ወንበር ነበር።

ሐሙስ፣ ስንወርድ

ጉዱን ዌይ ዛሬ ነገረኝ። ማዕዱ ለእኛ አልነበረም። ለሞቱት ወንድ አያቱና ከእርሳቸው በፊት ለሞቱት የቤቱ ሰዎች ነበር። እነርሱ በልተው እስኪነሡ ሕያው ሰው አይቀርብም፤ አሮጊቷም ጓዳ የገቡት ለዚህ ነው። የተቀመጥሁበት ወንበር የባላቸው ነበር።

አሮጊቷ ስለ ልጁ ጋብቻ ፈቃድ ሲጠይቁ የኖሩት ሟቹን ባላቸውን ነው። ሁለት የእንጨት ቁራጮች መሬት ላይ ይጥላሉ፤ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ካረፈ «እሺ» ማለት ነው። ሟቹ እስከ ትናንት እንቢ ሲሉ ቆይተዋል። እኔ ከተነሣሁ በኋላ ጣሉ፤ እሺ ሆነ።

«ምን ብለው ተረጎሙት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«‹ባሌ ወንበሩን ለቀቀለት፣ ከጎኑም ተቀመጠ› አሉ።»

አማተብሁ። እኛም ለሙታን ተዝካር እናወጣለን። የሚበላው ግን ሕያው ነው።

እሑድ፣ ፌርፋክስ

ሕሊና ጧት ከፓሳዴና ደወለች። «አባዬ! አያቱ ለሠርጉ ይመጣሉ!»

እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

«ሶ፣ ደሞ ምን አሉ መሰለህ? ማታ ማታ ላንተም ሳሕን ያስቀምጣሉ። ከባላቸው ጎን። ስዊት አይደል?»

«በሕይወት መኖሬን ነግራችኋቸዋል?»

ሣቀች። «ነግረናቸዋል፣ አባዬ ደሞ! ‹አውቃለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ መንገዱ እንዳይጠፋው ነው› አሉ።»

ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዴ ምግብ ቤት ገባሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም። ሽሮው ቀረበ፤ ቆረስሁ፤ መጉረስ ግን አቃተኝ። ጠግቤአለሁ። አፌ ውስጥ ሩዝ ሩዝ ይለኛል።

አስተናጋጇ፣ «ጋሼ፣ ምነው? ሌላ ቤት በልተው መጡ እንዴ?» አለች።

ቁራሹን መልሼ አስቀመጥሁ። ልጄ ግን ታገባለች። አሮጊቷ ለሠርጉ ሲመጡ፣ ሳሕኑን እንዲያነሡልኝ በአክብሮት እለምናቸዋለሁ።

እስከዚያው፣ በቀኜ ያለውን ወንበር ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንዲወስዱልኝ አዘዝሁ።