ጋሼ ይመርን ማለፍ

ሐሙስ

ተመዘገብኩ። ላቤ እስካሁን አልደረቀም። ከሩጫው አይደለም፤ ሩጫው ገና እሑድ ነው። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ፊት ቆሜ ስሜን ከነአያቴ ስናገር ነው ያላበኝ።

አዲሱ መንገድ አስፋልት ሆኖ አለቀ። የመንገዱ ሥራ ሹም፣ ጣሊያኑ፣ ደስ ብሎት ሩጫ አዘጋጀ። በአገሩ በትልልቅ ከተሞች ሰው ግማሽ ቀን የሚሮጠው ሩጫ አለ አሉ። ከተሜው ሁሉ ሥራውን ትቶ መንገድ ዳር ይኮለኮልና ያጨበጭባል። እኛ ትልቅ ከተማ ስለሌለን ከአጣዬ ተነስተን እዚህ ሸዋ ሮቢት የጣሊያኖቹ ካምፕ በር ድረስ እንሮጣለን። «እነሱስ አብረውን ይሮጣሉ?» ብዬ ብጠይቅ አስተርጓሚው «እነሱ ያጨበጭባሉ» አለኝ።

ለአንደኛ የሚሰጠው በቅሎ ነው። በካምፑ በረት ውስጥ ካሉት መካከል የመረጠውን።

የመረጠውን! የእኛ በቅሎ ዳማ እዚያ ናት!

ሰኔ ላይ ነው የወሰዱብን። ለአርበኞች እህል ስታመላልስ ነበር ብለው ከገበያ መንገድ ላይ ከነኮርቻዋ ነዷት። (አመላልሳለች ወይስ አላመላለሰችም፣ እዚህም አልጽፈውም።) አባባ ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ሰው አይደለም። ቂም አይናገር፣ አይረግም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ባዶ በረቷን ይጠርጋል። እሱን ከማይ ቢደበድበኝ ይሻለኛል።

እናቴ ስትሰማ «ለጠላት ልትሮጥ?» ብላ ተቆጣች።

«ለጠላት አይደለም፣ ለዳማ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ና በል፣ እግርህን ቅቤ ልቀባህ» አለች።

ዓርብ

ጠዋት ማማ ላይ። ማሽላው ደርሷል፤ ግሪሳው እንደ ደመና ይወርዳል። በወንጭፍ እወረውራለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ማሳውን በሩጫ እዞራለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ይህ ነው ልምምዴ። ወፎቹ ንቀውኛል።

ከሰዓት መጥፎ ወሬ መጣ። ጋሼ ይመር ተመዝግበዋል!

ጋሼ ይመር የዘርፌ አባት ናቸው። ዘርፌ ደግሞ… በቃ ዘርፌ ናት። በመስቀል ማግስት ሽማግሌ ልከን «እናስብበት» ብለዋል፤ እስከ ዛሬ እያሰቡበት ነው። በጉብዝናቸው ዘመን የጌቶች ደብዳቤ ይዘው ከአሊዩ አምባ አንኮበር ሽቅብ የሚሮጡ እግረኛ ነበሩ። አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል፤ እግራቸው ግን ይህን አልሰማም።

ነገሩ ይህ ነው። ልጁን የለመንከውን ሰው ቀድመህ አትሄድም። ይህን እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። መንገድ ላይ ከፊትህ ካገኘኸው ከኋላው ትከተላለህ፤ ወንዝ ሲሻገር ቆመህ ትጠብቃለህ፤ በቅሎ ላይ ከሆንክ ትወርዳለህ። ሲሮጥ ምን ታደርጋለህ የሚለውን ግን ያስተማረኝ የለም።

ብቀድማቸው ዘርፌን አጣለሁ። ባልቀድማቸው ዳማን። ተቀምጬ ማሰብ ብቻ ደከመኝ።

ኢብሬ ጋ ሄድኩ። ኢብሬ ጓደኛዬ ነው፤ ከግመሎቹ ጋር ጨው ሲያመላልስ ያደገ፣ እሱም ለእሑድ የተመዘገበ። ነገሬን ሰምቶ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

«ወላሂ ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «መጀመሪያውኑ ከፊታቸው ተነሳ፤ እስከ ሮቢት ዞር እንዳትል። ከኋላህ የነበረን ሰው ማን አለፍከው ይልሃል?»

አቅፌ ሳምኩት። ይህ ልጅ ቃዲ መሆን ነበረበት!

ቅዳሜ

አጣዬ። በካሚዮን ጭነው አመጡን። በሕይወቴ መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው፤ ጀውሃ ሳንደርስ የጠዋቱን በሶ ለመንገዱ መለስኩለት።

ከሁሉ ሰው መካከል ጋሼ ይመር እኔ ያለሁበት ካሚዮን ላይ ወጡ። ተነሳሁላቸው፤ ቦታዬን ለቀቅኩ፤ ቀሪውን መንገድ ቆሜ መጣሁ።

«አንተም ትሮጣለህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደግ። እግር ይስጥህ።»

«ለእርስዎም ጋሼ።» ምን ማለቴ ነው? ለእሳቸው እግር ከሰጠ እኔ ምን ሊቀረኝ ነው?

ዛሬ የበላሁት፦ ቆሎ፣ ሁለት እሸት፣ እንደገና ቆሎ። እሳቸው ፊት እንጀራ ማላመጥ አፍሬ ነው። የሚያሳስበኝ፦ ነገ ቅዳሴ ያመልጠኛል። የግራ እግሬ አውራ ጣት። አባባ። የአባባን ነገር ማሰብ ሳልጀምር መተኛት አለብኝ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ተጋድሜ ነው የምጽፈው። ሳልረሳው ሁሉንም ልጻፍ።

ፀሐይ እንደወጣች በመንገዱ አግድም በረድፍ በረድፍ አሰለፉን። እኔ በኢብሬ ምክር ከፊት። ሹሙ ፈገግ ብሎ ሽጉጡን ወደ ላይ ተኮሰ። ወዲያው ግማሹ ሯጭ መሬት ላይ ተኛ! የቀረው ወደ ቁጥቋጦው። ልማድ ነው፤ በዚህ ዘመን ተኩስ ሰምቶ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጅል ማን አለ? ጋሼ ይመር፣ ስንት ጦርነት ያዩት ሰው፣ ከሁሉ ቀድመው በደረታቸው ወደቁ። እኔም ልወድቅ ስል ኢብሬ ጀርባዬን ገፍትሮ «ሩጥ!» አለኝ። ሮጥኩ። ጣሊያኑ ከኋላ እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ ይሰማኛል።

እንዲህ ሆኜ መሪ ሆንኩ።

እንዴት ልበለው? ጥሩ ነበር! ነፋሱ ገና ቀዝቃዛ፣ አስፋልቱ ከእግሬ ሥር ለስላሳ፣ ድንጋይ የለ፣ እሾህ የለ። በየመንደሩ ሰው ማሳውን ጥሎ ወጥቷል። ሴቶች እልል አሉልኝ። ለእኔ! ለክርስትናዬም እልል ያለልኝ መኖሩን እንጃ። አንድ ሽማግሌ «ማን ያባርርሃል ልጄ?» ብለው በትራቸውን ይዘው ሊያግዙኝ ተነሱ። ሳቄ ትንፋሼን ቆረጠው።

ሰንበቴ ስደርስ ገበያው ሞልቷል። እሑድ አይደል? ግመሉ፣ ከብቱ፣ ጨው ነጋዴው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚከራከረው ሁሉ ተከፍሎ መንገድ ሰጠኝ፤ አጨበጨበ። የትልቅ ከተማ ሰው መንገድ ዳር ሲወጣ ከዚህ የበለጠ ይሆን? አይመስለኝም። ትልቅ ከተማ ደግሞ ግመል የለውም።

መንገዱ መካከል ግን አክስቴ፣ እትዬ አስካለ፣ ቅል ይዛ ቆማለች።

«በሞቴ!»

«አክስቴ፣ ሩጫ ላይ ነኝ—»

«በሞቴ ስልህ! አፈር ስሆን!»

በሞቴ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ቆሜ ጠጣሁ። በማር የተበጠበጠ በሶ፤ ነፍስ ይመልሳል። ቅሉን ስመልስ ጥንቅሽ ልጣ አፌ ውስጥ ከተተች። ጥንቅሹን እየመጠጥኩ ልነሳ ስል ልብሴን ያዘች።

«እግረ መንገድህን ይቺን በርበሬ ለእናትህ አድርስልኝ። መሄድህ አይቀር!»

አንድ ሙሉ ቋጠሮ በርበሬ! ጀርባዬ ላይ አስራ፣ ጫፉን አጥብቃ፣ አላበህ ብላ ግንባሬን እየጠረገችኝ ሳለ ጋሼ ይመር ኮቴያቸው ሳይሰማ በአጠገባችን አለፉ። «አስካለ፣ እንዴት አደርሽ» አሉ፤ መልሱን ለመስማትም አልቆሙ። የእግረኛ ሰላምታ ይህ ነው።

አለፉ። ከፊቴ ሆኑ። አለቀልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጀርባቸውን እያየሁ ነው የሮጥኩት። ሌላው ሯጭ ሁሉ ኋላ ቀርቷል። ፀሐይዋ ከረረች፤ አስፋልቱ ማቃጠል ጀመረ፤ በርበሬው በላቤ ረጥቦ ጀርባዬን ለበለበኝ። ጀውሃ ላይ ጉሮሮዬ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። ጉልበቴ ሥር የሆነ ነገር እንደ ምስማር ይወጋኛል። አንዳንዴ የምሮጥ ሳይሆን የምወድቅ እየመሰለኝ፣ ግን ሳልወድቅ፣ እግሬ ራሱ አዋቂ ሆኖ ይሄዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም፦ በቃኝ ካልክ በኋላ ሌላ ጉልበት ይመጣል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ሲመጣ ግን በደስታ መዝፈን ያምርሃል።

ኢብሬ ከኋላ ደረሰብኝ።

«እለፋቸው እንጂ!»

«አልችልም።»

«እግርህ ነው?»

«እግሬማ ይችላል።»

«ዳማ እኮ ናት! እሺ እኔ ልለፋቸውና በቅሎዋን ለአባትህ ልስጥ» አለና ተፈተለከ። አላህ ይስጠው፣ እውነቱን ነበር። ግን ጥቂት እንደሄደ ባቱን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ሳልፈው እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

ጋሼ ይመር ቀስ አሉ። እኔም ቀስ አልኩ። ፈጠኑ፤ ፈጠንኩ። እንደገና ቀስ አሉ፤ ሩጫቸው እርምጃ እስኪመስል። እኔም እንደዚያው። ደከማቸው ብዬ ተስፋ ያደረግኩት ምን ሊሆን ነው? ቢደክማቸውም ከኋላቸው ነኝ።

የሮቢ ወንዝ ድልድይ ላይ ከተማው ሁሉ ወጥቷል። አባባ ከፊት ቆሟል። ሲያየኝ ነጠላውን ጥሎ ዘለለ፤ አባባ ሲዘል አይቼ አላውቅም።

«እለፍ! እለፍ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

እችል ነበር። ይህንን እዚህ በእውነት ልጻፍ፦ እችል ነበር፤ ጉልበት ተርፎኛል። የጋሼ ይመርን ማጅራት አየሁ፤ ሽበታቸው በላብ ተጣብቋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን አንዴም ዞር አላሉም። እግሬ እምቢ አለኝ። እግሬ ሳይሆን እኔ ነኝ።

በሩን ቀድመውኝ ገቡ። እኔ ሁለተኛ፣ ከነበርበሬዬ። ጣሊያኖቹ አጨበጨቡ። ቀና ስል አባባ ወደ ቤት ሲሄድ ጀርባውን አየሁ።

ከዚያ ሁሉ በቅሎ መካከል ጋሼ ይመር የመረጡት ዳማን ነው። ስታየኝ ጆሮዋን አቆመች። እሳቸው ግን ተቀምጠውባት ሄዱ።

ማልቀስ አማረኝ። ያን ሁሉ መንገድ ሮጬ መጨረሴ ደግሞ ደረቴን ሞልቶታል። ሁለቱም እኩል።

ሰኞ

መራመድ አልችልም። ማማው ላይ በአራት እግሬ ወጣሁ። ግሪሳው ትናንት የልቡን ሠርቷል።

አባባ አያናግረኝም። ከተማው ግን ያናግረኛል፤ ስም አውጥቶልኛል፦ «ተከታይ»። ከጠጅ ቤቱ በር «ተከታይ፣ ዛሬስ ማንን ነው?» ይሉኛል። ኢብሬ እያነከሰ መጥቶ «አንተ ለአማትህ በቅሎ ስታሸልም፣ እኔ ባቴን አጣሁ» አለኝ።

እናቴ በርበሬውን አስጥታለች። ጥሩ በርበሬ ነው ትላለች።

ማክሰኞ

አባባ አናገረኝ፤ አንድ ነገር ብቻ። «በጋሼ ይመር አጥር በኩል አለፍኩ። የዳማ ሆድ ጎደል ብሏል። ጨው ማላስ አያውቁም መሰለኝ።»

«ለምን በዚያ በኩል ሄድክ?» አልኩት።

«እግረ መንገዴን ነው» አለ። በዚያ በኩል መንገድ የለም።

ስለ ዘርፌ ምንም ወሬ የለም። ሰው እንዲህ ያለ ጅል አማች ይፈልጋል? ዛሬ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ምሳዬን አልበላሁም።

ረቡዕ

ጠዋት ጋሼ ይመር ሽማግሌዎቻችንን አስጠሩ። ባዶ ሆዴን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። አባባ ምንም እንደማይጠብቅ ሆኖ ደጅ ተቀምጦ ጠፍር ይፍቃል።

ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ሲመጡ ፊታቸው አይነበብም። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስለ ማሽላው ተናገሩ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ የጋሼ ይመርን ቃል እንዳለ ተናገሩ፦

«መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሆን ብዬ አዘገምኩ። ልጁ አላለፈኝም። እብድ ነው ወይስ ጨዋ ነው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩበት። የአባቱ በቅሎ ለሽልማት ከፊቱ ቀርባለት ሽበቴን ያላለፈ ሰው ልጄን አያዋርድም። ሰጥቻለሁ። ሠርጉ ጥር ይሁን። ልጄ ግን በእግሯ አትመጣም፤ በዳማ ላይ ተቀምጣ ነው የምትመጣው። ዳማም ከልጄ ጋር እዚያው ትቀራለች።»

እናቴ እልል አለች። እኔ የሆንኩትን አላስታውስም፤ ሽማግሌዎቹን በየተራ ጉልበታቸውን እንደሳምኩ ኋላ ነገሩኝ፤ ትልቁን ሁለት ጊዜ።

አባባ ጠፍሩን አስቀመጠ። ተነሳና ሄደ። ከበረቱ በኩል የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ፤ ዛሬ ግን እያፏጨ ነው። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ግርግሙን በእጁ መታ መታ አደረገና «ጥር ሩቅ ነው» አለኝ።

ለዘርፌ ይሁን ለዳማ አልጠየቅኩትም። እውነቱን ነው፣ በጣም ሩቅ ነው።