የቡናማው ኮትሽ ቁልፍ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና መሆንሽንማ አውቃለሁ፤ የአዲሱን ቤትሽን ፎቶ ልከሽልኝ የለ? እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጎልፍ ዳኝነቱን ሳሎን አምጥቶታል። ምንጣፉ ግሪን ሆኗል፤ ያ ጉድጓዱ ያለበት፣ አሳጥረው የሚያጭዱት ሣር ማለቴ ነው። ጉድጓዱ ደግሞ በጎኑ የተጋደመ የሻይ ብርጭቆ ነው። ከኳሱ እስከ ብርጭቆው ያለውን መስመር መርገጥ ክልክል ስለሆነ ኩሽና የምገባው ግድግዳ ታክኬ ነው። ሰሞኑን ሾርባ ይዤ ሳልፍ «መስመሬን!» ብሎ ቢጮህ ሾርባው ቀሚሴ ላይ ቀረ። ሳቂ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ኳሱን ለመጥረግ ሲያነሳ ግን አልስቅም። በቦታው ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱ ምን መሰለሽ? የቡናማው ኮትሽ ቁልፍ፤ የሄድሽ ቀን በሩ ላይ ተበጥሶ የወደቀው። «ምልክት ተደርጎለት የተነሳ ኳስ እዚያው ቦታው ይመለሳል፤ ሕግ ነው» ይላል። በዚሁ ሕግ አልጋሽ አይነካም፣ ጫማሽ አይነሳም። ክፍላችን እንደተውሽው እንዲቆይ ተብሎ እኔ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። ሰው «ምነው አንቺስ የራስሽን ኑሮ አትጀምሪም?» ሲለኝ «እህቷ ትምጣና» ብሎ አባባ ይመልስልኛል።

ሥራ ማግኘቴን ነግሬሻለሁ፤ ሩቅ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በተማርኩት በላቦራቶሪው። ሰኞ ካልተገኘሁ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። መቼ ትመጫለሽ ብልሽ አንቺም «ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን» አልሽኝ። እትዬ ሙች፣ አትመጪም። እኔም አንቺም እናውቀዋለን፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ትናንት ኳሱን ቦታው መለሰና ቁልፉን ሳያነሳ መታ። ገባለት። እሱ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

«አባባ፣ ምልክቱን አላነሳኸውም እኮ» አልኩት። «አንድ ምት ቅጣት።»

ቁልፉን አየና ፊቱ ቀላ። «ልክ ነሽ። ተቀብያለሁ።»

«ኳሱ ሳይመለስ ቢቀርስ? ምልክቱ ምን ይሆናል?»

«ይጠብቃላ!» አለኝ ገርሞት። «ምልክት ሌላ ምን ሥራ አለው?»

እወደዋለሁ፣ እትዬ። ግን እዚያች ሶፋ ላይ ማርጀቴ ወለል ብሎ ታየኝ።

ዛሬ ጠዋት ሲታጠብ ቁልፉን ከምንጣፉ ላይ አነሳሁት። ፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ይህን ስጽፍ እሱ የሶፋውን ትራስ እያገላበጠ ይፈልግ ነበር።

«አይተሽዋል?» አለኝ።

«ለእትዬ እየላክሁላት ነው።»

ትራሱን እንደታቀፈ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ይዛው ትመጣለች?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ያንቺን መልስ እኔ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል። እስክትወስኚ አክስታችን አብራው ትሆናለች። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እኔ ሄጃለሁ። ደውይና አንቺው ንገሪው፤ ስልኩ ሲጠራ ሮጦ ነው የሚያነሳው፣ መስመሩን ረግጦም ቢሆን።

ቦታሽን ስትጠብቅ የኖረችው
እህትሽ