ሙና የተባለው ጥልፍ

ውድ ጣይባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። «ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲያ ስለሚባል ነው እንጂ፣ ዛሬ ለእኔ ውድ ነሽ ወይስ አይደለሽም የሚለውን ገና ከራሴ ጋር አልጨረስኩም። ስልክ ብደውልልሽ ደግሞ አውቅሻለሁ፤ «ሙናዬ» ትይኛለሽ፣ እኔም የያዝኩትን ሁሉ ረስቼ ስለ ክር መወደድ ሳወራሽ እውላለሁ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጪኝ አትችዪም። ደብዳቤውን በሺር ያመጣልሻል። ባሌ ያንቺን ዕቃ በሚኒባሱ ማመላለስ ከጀመረ ቆይቷልና አንድ ወረቀት አይከብደውም።

እቅጩን ልንገርሽ፤ ቀንቼብሻለሁ። ትንሽ ከፋኝ ምናምን የሚባለው አይደለም፤ እርር ድብን ብዬ ነው የቀናሁት። ጠዋት ሱቄን ስከፍት እቀናለሁ፣ ማታ ስዘጋ እቀናለሁ። ሰላት ላይ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ አንቺ ወዳለሽበት ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

መቼም ደሴ ፒያሳ ያለችውን ጠባብ ሱቃችንን አትረሺያትም። ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን፣ እኔ ጥልፍ፣ አንቺ ስፌት። ሰው የሚመጣው ለእኔ ነበር፤ ይህን አንቺም አትክጂም። ከሐርቡ ድረስ ሙሽራ ይዘው ይመጡ ነበር። «የሙና እጅ» እየተባለ ስወደስ አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ጠርዝ ትቀመቅሚ ነበር። የጥልፉን ሐረግ በሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ እሥላለሁ፣ በላዩ እጠልፋለሁ፣ ልብሱ ሲታጠብ ሥዕሉ ይጠፋል። ሌላ ሴት መጥታ ልትገለብጠው አትችልም። ሥራዬን የምጠብቀው እንደዚያ ነበር፤ ለአንቺ እንኳ ወረቀት ላይ ሥዬ ሰጥቼሽ አላውቅም።

ኮምቦልቻ የልብስ ፋብሪካ ተከፍቶ «ልሄድ ነው» ስትይኝ ሳቅሁብሽ። እዚያ እኮ አንዷ ኪስ ብቻ፣ አንዷ ኮሌታ ብቻ ነው የምትሰፋው፤ ዕድሜሽን ሙሉ ኪስ ስትሰፊ ልትኖሪ ነው አልኩሽ። አንቺ ግን እጅሽ ኪስ ላይ ሆኖ ዓይንሽ ኮምፒውተር የተገጠመለት የጥልፍ መኪና ላይ ነበር አሉ። ጦርነቱ መጥቶ ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም፣ ሌላው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ አንቺ ያን መኪና በሊዝ አስገብተሽ ሱቅ ከፈትሽ። ሰው ሲነግረኝ «እሰይ፣ አላህ ይጨምርላት» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ የእኔ ደንበኛ ጨርቅ ይዞ መምጣቱን ትቶ ስልክ ይዞ መምጣት ጀመረ። «ይችን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል፣ ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቅነው። አያለሁ፤ ያንቺ ሥራ ነው። ወር ጠብቁኝ ስላቸው፣ የኮምቦልቻዋ እኮ ለነገ ወዲያ ታደርሳለች ብለው ይወጣሉ። መንገዱ ላይ ያሉት ሰፊዎች ሁሉ ነገሩ ገብቷቸዋል። ጨርቁን አንቺ ዘንድ ልከው ያስጠልፉታል፣ ሲመለስ እነሱ ይሰፉታል፣ በስማቸው ይሸጡታል። እኔ ብቻ ነኝ አሻፈረኝ ብዬ የተቀመጥኩት። ስቀመጥ ምን እሠራለሁ መሰለሽ? ያንቺን ቴሌግራም ቻናል እከፍታለሁ። እያመመኝ እከፍተዋለሁ። አንዷ ከጂዳ «እጅሽ ይባረክ» ብላ ጽፋልሽ ሳይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። የምን እጅ? እጅሽ ቁልፍ ከመጫን ሌላ ምን አደረገ?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ ነጃት ባትኖርበት። ልጄ ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፣ ሥራ ስታጣ መጥታ አንቺ በነበርሽበት ወንበር ተቀመጠች። እኔም ሱቁን የምትረከበኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለነገሩ አርፋ አልተቀመጠችም። «እማዬ፣ አሁን እኮ አራተኛው የኢንዱስትሪ አብዮት ነው» ትለኛለች። ሦስቱ መቼ መጥተው መቼ ሄዱ? እኔ ከዚህ ወንበር ሳልነሳ አለፉ እንዴ? ብላት ትስቃለች። አንድ ቀን ኮምቦልቻ የኮምፒውተር ሥልጠና አገኘሁ አለችኝ። ጠዋት በአባቷ ሚኒባስ ትወርዳለች፣ ማታ በእሱው ትመለሳለች። አባትና ልጅ ሲንሾካሾኩ አያለሁ፤ ባል የመጣላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ እሑድ ሚኒባሱን ልጥረግለት ብዬ ስገባ ከኋላ ወንበር ሥር ፌስታል አገኘሁ። የደንበኛ ስምና ስልክ ተጽፎበታል። ከፈትኩት። ጣይባ፣ የእኔ ሐረግ ነው። እጅጌው ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚዞረው የእኔ ሐረግ፣ አንዲት ቅጠል ሳትጎድልበት። በሺርን ጠራሁት። መጀመሪያ ዕቃ አድርስ ተብዬ ነው ምናምን አለ። ዓይኔን ሲያይ ግን ልጅሽ ናት በኮምፒውተር የሣለችው፣ ጣይባ ዘንድ ነው የምትሠራው፣ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ ብሎ ወጣ። ልጅቷ ከልጅነቷ አጠገቤ እየዋለች ሐረጉን በዓይኗ ለቅማ ጨርሳዋለች። ለካ ባሌም፣ ልጄም፣ ሐረጌም ኮምቦልቻ ገብተዋል። ደሴ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቻናልሽን ከፍቼ ፈለግሁት፣ አገኘሁት። ከሥሩ «ሙና» ተብሎ ተጽፏል። ሴቶቹ «ሙና በአረንጓዴ ይገኛል?»፣ «ሙና ለመልስ ይሆናል?» እያሉ ይጠይቁሻል። ሱብሃነላህ፣ እኔ ሞቼ ነው በስሜ መታሰቢያ የሚቆምልኝ? ፒያሳ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ በስሜ ትነግጃለሽ። ለነጃት ምንም አላልኳትም። ራሷ ትንገረኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኋት፤ አልነገረችኝም።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ባታውቂው እወቂው። በርሽ ላይ ሰቅለሽው የነበረውን፣ ሐረጌ ያለበትን ነጭ ቀሚስ የገዛችሽ ሰርካዲስ፣ ያቺ የዱሮ ጎረቤታችን፣ ለራሷ አልነበረም የገዛችው። እኔ ነኝ የላክኋት፤ ሌላውን ሁሉ የምትገለብጪው በርሽ ላይ ከተሰቀለው መስሎኝ ነበር። «ኧረ ሙና፣ ይሄ ዕብደት ነው» እያለች ሄዳ አመጣችልኝ። ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጥልፉን በመቀስና በመርፌ ፈታሁት። እያንዳንዷን ቅጠል። ከዚያ ጨርቁን አጥቤ አሰጣሁት፤ ምንም ያልነካው ነጭ ሆኖ ወጣ። በቃ፣ ሐረጌ ወደ እኔ ተመለሰ አልኩ። ጣይባ ደግማ ልትሥለው አትችልም፣ እጇ አያውቀውም አልኩ። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

በቀጣዩ ጁምዓ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ሦስት ልጃገረዶች ተደርድረው ገቡ። በሦስቱም ላይ የእኔ ሐረግ። አንዷ በአረንጓዴ፣ አንዷ በወርቅማ፣ የሦስተኛዋን እንጃ፤ ዓይኔ ጨልሞብኝ አላየሁትም። ሰርካዲስ አጠገቤ ነበረች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እስካሁን አኩርፌያታለሁ።

በማግሥቱ ነጃት የክሩን ክምር አልጋዬ ሥር አገኘችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አስረዳችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ የፈታሽው ልብሱን ነው። ሐረጉ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ሺ ጊዜ ቢፈታ ሺ ጊዜ ይወጣል።»

እኔ እንዴት ልወቅ? ዕድሜዬን ሙሉ ሲታጠብ የሚጠፋ ነገር ስሥል ነው የኖርኩት። አፍሬ ክሩን ስሰበስብ የባሰውን ነገረችኝ። መመላለሱ ደክሟታል፤ ወሩ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ወርዳ ካንቺ ጋር ልትኖር ነው። ጣይባ ክፍሉን አስቀብታልኛለች አለችኝ። ቀለሙንም ሁለታችሁ ናችሁ የመረጣችሁት። የእኔን ቤት ስናስቀባ «የፈለግሽውን አድርጊ» ነበር ያለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ልጄን ላመጣ ወረድኩ። በበሺር ሚኒባስ አልሄድኩም፤ በሌላ ነው የሄድኩት። ቁልቁለቱን ሁሉ የምልሽን ሳሰናዳ ነበር። ስሜን ሰረቅሽ፣ እጄን ሰረቅሽ፣ ልጄን እንኳ ተይልኝ ልልሽ ነበር። በርሽ ላይ ደርሼ ወደ ውስጥ አየሁ።

የጥልፍ መኪናው ይሠራል። ማንም አልነካውም። መርፌዎቹ ተሰልፈው፣ ራሳቸው ክር እየቀያየሩ ይወርዳሉ ይወጣሉ፤ ሐረጌ ጨርቁ ላይ እየረዘመ ይሄዳል። ጉድለት ልፈልግ ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። ወላሂ አላገኘሁም። እኔ ሲደክመኝ ቅጠሉ ይቀጥንብኛል፤ እሱ ምን ይደክመዋል? እሺ፣ ያም ይሁን አልኩ። መኪና ነው፣ በመኪና አልቀናም።

ያልቻልኩት ሌላውን ነው። አንቺና ነጃት ከመኪናው ጎን ክርን ለክርን ተቀምጣችኋል። እሷ ስክሪኑ ላይ እየጠቆመች ታሳይሻለች፤ አንቺ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ የት ጋ፣ የት ጋ እያልሽ ትጠጊያታለሽ። ክር አቀበለችሽ፤ ቀና ብለሽ ሳታያት ተቀበልሻት። የሆነ ነገር ሹክ አለችሽ፣ ጭኗን መታ አድርገሽ ሳቅሽ። እኔ ደጅ ቆሜ ቦርሳዬን ጨብጬ አያችኋለሁ። ቅናት እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልቶት አያውቅም።

ያን ጊዜ አየሽኝ። «ሙና? ግቢ እንጂ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ደጄ ላይ የምትቆሚው?»

ሐርቡ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ መንገዴ ሆኖ ነው አልኩሽ። ውሸቴ እንደሆነ አውቀሻል፤ ዓይንሽ ይናገራል። ወጥተሽ እጄን ያዝሽኝ።

«ስምሽን ሳላስፈቅድሽ ነው ያደረግሁት። ካልወደድሽው ዛሬውኑ አወርደዋለሁ» አልሽኝ።

«አውርጂው» አልኩሽ። ልጄን ሳልጠራት፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ዞሬ ሄድኩ። ነጃት ከኋላዬ «እማዬ» ስትል ሰማሁ። አልዞርኩም።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር እንባዬ መጣ። ልይዘው ብል እምቢ አለኝ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ሲያዩኝ ቆዩና «አብሽሪ ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

አልሞተም አባቴ፣ ሰው ወስደውብኝ ነው አልኳቸው።

«ማንን?»

ልጄን ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ጣይባን» ነው።

ሽማግሌው ዱዓ አደረጉልኝ። ይኸውልሽ፣ እስከዚያ ድረስ በአንቺ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። ለካ በገዛ ልጄ ነው የቀናሁት። ነጃት የትም ብትሄድ ልጄ ናት፤ ትወርዳለች፣ ትመጣለች፣ እናት መሆኔን ኮምፒውተር አይወስድብኝም። አንቺ ግን ከዚህ ሱቅ ከወጣሽ ወዲህ ያንቺን ቦታ የሞላልኝ የለም። ደንበኛ ሞልቶ በነበረ ጊዜም እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩትም። «ኪስ ስትሰፊ ልትኖሪ ነው» ያልኩሽም እንዳትሄጂብኝ ነበር፤ ሌላ የማስቀሪያ ቃል አላወቅሁም።

ስሜን ካወረድሽው መልሰሽ ስቀዪው። ሰኞ በበሺር ሚኒባስ እመጣለሁ። ነጃትን ላመጣ አይደለም፤ ክፍሉ ከተቀባ ትኑርበት። የጥልፍ መኪናውን ልማር ነው። አስተማሪዬ ግን አንቺ ነሽ፤ እሷ እንዳትጠጋኝ፣ ስታስረዳኝ አንጀቴን ታቃጥለዋለች። ባይገባኝና ብትስቂብኝ አንቺ ሳቂብኝ፣ እችለዋለሁ። እኔም የማሳይሽ አዲስ ሐረግ አለኝ፤ ከአንቺ በፊት ማንም እንዲያየው አልፈልግም፣ ልጄም ብትሆን።

ተለውጣ መጣች ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ። እንደቀናሁ ነው የምመጣው። ስለዚህ ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ሰኞ ጠዋት ነጃትን ወደ ዳር አስጠጊያት። አንቺ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ሙና
ደሴ፣ ፒያሳ