ሦስት ጊዜ ወደቀ ስለተባለው አናጢ

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእስረኞች የእጅ ሥራ ማስተማሪያ በጎ አድራጎት ማኅበር
ለክቡር ሊቀ መንበሩ
ድሬ ዳዋ

አመልካች፦ ሃሊሞ ዋሪስ፣ በቀፊራ ገበያ ቅመም ሻጭ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ዒጋል ዓምራን ሙያ አያውቅም ተብሎ የአመክሮ ዋስትና ስለመከልከሉ

ክቡር ሆይ፤

ስምዎ በመልካም ሲነሳ ስለምሰማ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ማመልከትን መርጫለሁ። በመልካም የሚያነሱዎት ሰዎች እውነታቸውን ይሁን አይሁን ግን አላውቅም፤ ከመልስዎ አየዋለሁ።

1ኛ/ ባለቤቴ በባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወርድ ኩሊ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ከሥራ ጓደኛው ጋር ተጣልቶ መንጋጋውን ስለሰበረው ስድስት ዓመት ተፈርዶበታል። አልመታም ብዬ አልዋሽም፤ መትቷል። ሰውዬው ድኖ ሥራው ላይ ነው፤ ሽማግሌዎችም አስታርቀውናል።

2ኛ/ ማኅበርዎ በ1955 ዓ.ም. በወህኒ ቤቱ ግቢ የአናጢ ወርክሾፕ ሲከፍት እኔም ከእስረኛ ቤተሰቦች ጋር አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ከእናንተ አንዱ ወረቀት ይዞ፣ ሙያ ተምሮ ፈተና ያለፈ እስረኛ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ማኅበሩ ለአመክሮው ዋስ እንደሚሆነው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አጨበጨብን። ዒጋልም በማግሥቱ ተመዘገበ። ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ እነሆ ዓመት ከአምስት ወር አልፎታል።

3ኛ/ ሦስት ጊዜ ተፈተነ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ ተባለ። በመጀመሪያው የጠረጴዛው እግር ይወዛወዛል አሉ። በሁለተኛው ሥራው ደህና ነው ግን ዘገየ አሉ። በሦስተኛው፣ ባለፈው መጋቢት፣ ፊደል አልቆጠረም አሉ። ጉድ ነው! መጋዝና መሮ ያስያዛችሁት ፊደል ሊቆጥርበት ነበር እንዴ? በዚሁ ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች አልፈው ወጥተዋል። ከነዚያ አንዱ ኢስሃቅ የሚባለው፣ ዛሬ የራሱን ሱቅ የከፈተ፣ የመጋዝ አያያዝ ያሳየው ዒጋል መሆኑን ነግሮኛል፤ ቢጠሩት ቀርቦ ይመሰክራል። ወደቀ የተባለው ያስተምራል፣ እሱ ያስተማራቸው ያልፋሉ። እኔ ይህ ነገር አልገባኝም፤ ለእርስዎ ከገባዎ ያስረዱኝ።

4ኛ/ የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ገብረወልድ ባለቤቴን የሚጥሉት ሥራ ስለማይችል ሳይሆን ስለሚችል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከወጣ የሚታዘዘውን ዕቃ ማን ይሠራላቸዋል? ይህን የሚጽፍልኝ ራፖር ጸሐፊ አቶ ሣህሉ «እጠረጥራለሁ» ከሚባል «ይመስለኛል» ቢባል ይሻላል ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። እጠረጥራለሁ። ሲጨርስም ያልኩትን መጻፉን በሌላ ሰው አስነብቤ አረጋግጣለሁ፤ ይህንንም እየሰማ ነው የሚጽፈው።

የምጠረጥረው በባዶ ሜዳ አይደለም። ዒጋል ኩሊ ሳለ ቁም ሳጥን ሲያወርድ ጣቶቹ ከሥር እየተጨፈለቁ ይመጣ ነበር፤ በሞቀ ውኃና በጨው የምዘፈዝፍለት እኔ ነኝ። አናጢ ከሆነ ወዲህ በሚሠራው ከባድ ዕቃ ሁሉ፣ ከታችኛው ጠርዝ በስተውስጥ፣ የተሸካሚ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ በመሮ ይፈለፍላል። ማንም አላዘዘውም፤ ከላይም አይታይም። በጥየቃ ቀን ነው የነገረኝ። ሌላ አናጢ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም፤ ኢስሃቅንም ጠይቄው እኔ አላደርገውም ብሎኛል።

ስለዚህ ከመጋቢት ወዲህ የወርክሾፑ ማኅተም ያለበት ዕቃ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ እጄን ከሥሩ እሰዳለሁ። ሻይ ቤት ገብቻለሁ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቻለሁ፣ ሳልጠራ ሠርግ ቤት ሁሉ ገብቻለሁ። ሌባ ተብዬ ተባርሬአለሁ። ያልሳቁብኝ የቀፊራ ኩሊዎች ብቻ ናቸው፤ «አቦ፣ የዚህ ወርክሾፕ ዕቃ እጅ አይበላም» ነው ያሉኝ። ካየኋቸው ሃያ ሦስት ዕቃዎች አሥራ ዘጠኙ የእሱ ናቸው። ክቡርነትዎ ይህን የሚያነቡበት ጠረጴዛ ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ እባክዎ እጅዎን ከሥሩ ሰደድ አድርገው ይዩት።

5ኛ/ ከሦስተኛው ፈተና በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ የማኅበሩ አባል አንድ ጆንያ ዱቄት ላኩልኝ። ለሌሎቹ የእስረኛ ሚስቶች አልደረሳቸውም፤ ዞሬ ጠይቄአለሁ። ለምን ለእኔ ብቻ? ምናልባት ቅን ሴት ይሆናሉ፤ ከሆኑ ይቅር ይበሉኝ። ዱቄቱ ግን አፉ እንደተሰፋ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ወላሂ፣ ያልበላሁበት ቀን አለ፤ አልነካሁትም።

6ኛ/ አሁን ደግሞ ለአንድ ትምህርት ቤት መቶ ሃያ ዴስክ ታዟል ይባላል። የሚቀጥለው ፈተና ሰኔ 5 ቀን ነው። ባለፈው ዓርብ ልጠይቀው ስሄድ ዒጋል ወደ ሽቦው ተጠግቶ፣ ዘበኛው እንዳይሰማ በሱማልኛ፣ እንዲህ አለኝ፦ «የያዙኝ ለእጄ ብለው ነው። አሁንም ከጣሉኝ አንዱን ለመጋዙ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ያደርጉኛል?»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ አፉ እንዳመጣለት የሚናገር ሰው አይደለም። ማኅበርዎ ከውጭ አገር ያስመጣው የኤሌክትሪክ መጋዝ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ነው። ፈርቻለሁ። ገበያ ተቀምጬ ሰው በስሜ ሲጠራኝ ይህን ሊያረዳኝ የመጣ እየመሰለኝ ሚዛኑ ከእጄ ይወድቃል። ይህን ለእርስዎ መጻፌን ዒጋል አያውቅም፤ ስለተናገረው ቅጣት እንዳይደርስበትም አደራ እላለሁ።

ስለዚህ ሰኔ 5 ቀን ሳይደርስ፣ ከአቶ ገብረወልድ ጋር ዝምድናም ሆነ ሥራ የሌለው አናጢ ከውጭ ተጠርቶ፣ እርስዎ ራስዎ በተገኙበት ባለቤቴ እንዲፈተንልኝ፤ ካለፈም ማኅበሩ በአደባባይ እንዳነበበው ዋስ እንዲሆነው በትሕትና አመለክታለሁ። ከወደቀ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም።

ችግሩ ዴስኩ ከሆነ፣ ይፈታና ከቤቱ እየተመላለሰ መቶ ሃያውንም ይጨርስላችሁ፤ እኔ ዋስ ነኝ። ለሚያልፉት የምትሰጡት ምስክር ወረቀትና የመሣሪያ ሣጥንም ይቅርብን። ሰውዬውን ብቻ ከነሁለት እጁ ስጡኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ መልሱን ደጅዎ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሃሊሞ ዋሪስ
(የአውራ ጣት አሻራ)