ማን በተነኝ?

የካቲት 11፣ ሰኞ
ከትምህርት ቤት መጣሁ። ካልሲዬን አጠብኩ። ባዮሎጂ ከፈትኩ፣ የልብ ክፍሎች። ግማሽ ገጽ እንደሄድኩ እማዬ ጠራችኝ። ሽንኩርት ላጪ። ተመልሼ ከላይ ጀመርኩ። ደግሞ ጠራችኝ። የተሰጣውን ልብስ አስገቢ። እንደገና ከላይ…
እራት ላይ አባዬ የአስራ ሁለተኛ ክፍል የሙከራ ፈተናውን ውጤት ጠየቀ። መንትያ ወንድሜ ሰማንያ አንድ። እኔ አርባ ስምንት።
«የእሱ ጭንቅላት ስል ነው» አለ አባዬ። «ይቺ ግን ብትን ናት።»
ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

የካቲት 14፣ ሐሙስ
ዛሬ እማዬም «ብትኗ፣ ነይማ» አለችኝ። ስም ወጣልኝ ማለት ነው።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ
ጓደኛዬ ለትኩረት ይረዳል ያለችኝን ሁሉ ሞከርኩ። ማስቲካ። ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። ስልኬን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። እሺ፣ ስልኩ ዝም አለ። ቤቱስ?
«ወንድምሽ እያጠና ነው፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺ።» «ወንድምሽ እያጠና ነው፣ ሻይ አድርሺለት።» እኔስ ምን እያደረግኩ ነው… ዝንብ እያባረርኩ?
እሱ ክፍሉን ዘግቶ ጠረጴዛ ላይ። እኔ የሳሎኑ ሶፋ ጠርዝ ላይ። ፈተናው ግን አንድ ነው።

የካቲት 27፣ ረቡዕ
አክስቴ ጋ ቀሚስ እንዳመጣ ተላክሁ። የእማዬ ታናሽ ናት፣ ልብስ ሰፊ። ቀሚሱ አላለቀም ነበርና ጥግ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ቀና ስል ጀምበር አዘቅዝቃለች። ምዕራፉን ጨርሼዋለሁ።
«በዚህ ሁሉ የስፌት መኪና ጩኸት ንባቡ እንዴት ገባሽ?» አለችኝ።
«እንጃ።»
ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «መኪናው ስምሽን አይጠራማ።»
መንገድ ላይ ከንዴቴ የተነሳ እንባ እንባ አለኝ። ጭንቅላቴ ደህና ነው። እስከዛሬም ደህና ነበር። የሚበትኑኝ እነሱ ናቸው።

መጋቢት 9፣ ሰኞ
ከትምህርት በኋላ አክስቴ ጋ ነኝ። አንብቤ መጽሐፉን እዘጋና ለእሷ አስረዳለሁ። ገባኝ ያልኩት ሁሉ አፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋል።
«ቆይ፣ ደሙ ለምን ተመልሶ አይፈስም?» አለች።
መጽሐፉን መልሼ ገለጥኩ። አሁን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝም መልሱን አልረሳውም። ሲደክመኝ ታስነሳኛለች፣ ሰፈሩን ዞሬ እመለሳለሁ። ለጥናት ብዬ ከእንቅልፌ መስረቅም ትቻለሁ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ
ፈነዳሁ።
«ቤቱን ለማን ጥለሽ ነው እዚያ የምትውዪው?» አለች እማዬ።
«ላጠና ነዋ።»
«እዚህ ማን ከለከለሽ?»
«አንቺ። ለእሱ በር ዘጋችሁለት፣ እኔን በሩ ላይ አቆማችሁኝ። ከዚያ ብትን ናት ትላላችሁ። ማን በተነኝ?»
አባዬ፣ «ለእናት እንዲህ ይባላል?» አለ።
ወንድሜ ከክፍሉ ወጣ። «ልክ ናት» አለ።
ይባስ አናደደኝ። እስከዛሬ የት ነበርክ? ሻዩን ስትጠጣ?
እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጓዳ ገባች። ይቅርታ አልጠይቅም።

መጋቢት 23፣ ሰኞ
እማዬ እንደኮረፈች ናት። ሻዩን ግን ወንድሜ ራሱ አፈላ። ቀጠነ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ
የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና። የፈታኙ ጫማ ይንቋቋል፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ ያስላል። ሰማሁት… አለፈ። እጄ አልቆመም።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ
ሁለታችንም አልፈናል። ወንድሜ የኮሌጅ ማደሪያ ገባ። እኔ ፋርማሲ ደረሰኝ፣ ከቤት ነው የምመላለሰው። ክፍሉ አሁን የእኔ ነው።
ዛሬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ጎረቤታችን መጣች። እማዬ ሳሎን ሆና፣ «ጸጥታ ጠብቄ ለዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» ስትል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ለማን ነው የጠበቅሽው? ልጠይቃት ብድግ አልኩ።
በሩ ጋ ስደርስ ጎረቤታችን፣ «ብትኗ የለችም እንዴ? ውሃ ታቀብለኝ» አለች።
«አትጥሪያት፣ እያጠናች ነው። እኔ አመጣልሻለሁ» አለች እማዬ። «ደግሞ ስሟ እሱ አይደለም።»
በሩን ልትዘጋ መጣች። ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ስንት ወር ያብሰለሰልኩት ንግግር አፌ ላይ ነበር።
«አንብቢ» አለች ቀስ ብላ። ዘጋችው።
ንዴቴ አልወጣልኝም። መቀመጥም አልቻልኩም። ይሄን ሁሉ ጸጥታ ምን ላድርገው?