መሰኪያው አልገጠመም

ጅግጅጋ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ ጉሌድ፣

ይህን ደብዳቤ እህትህ ዴቃ ሀርጌሳ ስትመጣ ታደርስልሃለች። አትደንግጥ፣ ትዳርህን ልበጥብጥ አይደለም የምጽፈው። ማግባትህን ሰምቻለሁ፤ አላህ ይባርክላችሁ ብያለሁ፣ ከልቤ ነው። ከልቤ ባይሆን እንደማልለው ደግሞ ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። አንድ መልእክት አድርሺ ተብዬ ነው። መልእክቱ በጣም አጭር ነው፤ ነገር ግን ከነታሪኩ ካልደረሰህ ምኑም አይገባህም።

የተዋወቅነው በቻርጀር ሰበብ ነው፣ ትዝ ይልሃል? በ2011 ለትምህርት ከኤረር ጅግጅጋ እንደመጣሁ፣ ማንም የማያውቀውን ዓይነት ስልኬን ይዤ ሱቅህ ገባሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ ገመድ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍክ፤ አንዱን ስታነሳ ሌላውን ስትጥል ቆይተህ የሚሆነውን አገኘህ። «እኔ ዘንድ መጥቶ ሳይገጥምለት የሄደ ሰው የለም» ብለህ ጉራህን ነዛህብኝ። እኔ ሶማልኛ አልችል፣ አንተ ኦሮምኛ አትችል፤ በአማርኛ ተጨቃጭቀን በአማርኛ ተዋደድን። እውነቱን ልንገርህ፣ ገመዱን ሳይሆን ጉራህን ነው የወደድኩት።

አባቴ ጀዕፈር አንድ ሴት ልጁን ለሩቅ ሰው ለመስጠት ስንት ዓመት እንዳንገራገረ አንተም እኔም እናውቀዋለን። በመጨረሻ «ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ እጠብቃቸዋለሁ» ሲል፣ ጓዳ ገብቼ ነበር ያለቀስኩት። አንተ ደግሞ ነጯን የቻይና የኤሌክትሪክ መኪናህን ገና መግዛትህ ነው። የአባትህ ታላቅ ወንድም፣ አዴር ሙሐመድአሚን፣ «ለልጅ ጥያቄ በሚንቋቋ ሚኒባስ አንሄድም። ድምፅ በሌላት እንሄዳለን፣ እንደ ሰው» አሉ። የእሳቸው ቃል ደግሞ ከወጣ ወጣ ነው።

ሐሙስ ማታ ጅግጅጋ መብራት ጠፋ፣ ባትሪው ግማሽ ላይ ቀረ። «ችግር የለም፣ ኤረር ሳንደርስ ድሬዳዋ ላይ እሞላታለሁ» አልክ። እዚያ ያለ ጓደኛህ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቻርጀር መኖሩን ነግሮህ፣ የመሰኪያውን ፎቶ ልኮልህ ነበር። አንተም የመኪናህን የቻርጅ አፍ ፎቶ አንስተህ ሁለቱን ጎን ለጎን ላክልኝ። «እያቸው፣ መንታ ናቸው።» እውነትም ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ከላይ ለጥ ያሉ፣ ሁለቱም ሰባት ሰባት ቀዳዳ ያላቸው ነበሩ። «ቁርጥ አንድ ናቸው!» ብዬ መለስኩልህ። ሁለታችንም በመመሳሰላቸው ደስ ብሎን አደርን።

አሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ስንት ዘመን በር ከፍተን በር ስንዘጋ የኖርን ሰዎች፣ ቁልፍ የሚከፍተው ራሱን የሚመስለውን ሳይሆን የሚገጥመውን መሆኑን እንዴት አጣነው? የአውሮፓው መሰኪያ ጫፉ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፒን ያለው መኪናው ላይ ነው። የቻይናው ግልብጡ ነው፤ ፒኑ መሰኪያው ላይ ሆኖ ቀዳዳው መኪናው ላይ ነው። ድሬዳዋ የጠበቀህ የአውሮፓው ነበር። ሁለት ሰው እጁን ለመቀበል ዘርግቶ ሰጪ እንደ ማጣት ማለት ነው። ለፈጣኑ ቻርጅም ቢሆን፣ የእነሱ ከዚያው ሥር ሁለት ትልልቅ ጉድጓድ የተቀጠለበት ነው፤ ያንተ መኪና ግን ለብቻው ሌላ ክብ አፍ አላት። በየትም በኩል አይሆንልህም ነበር።

ከዚያ የሆነውን ከዴቃ ነው የሰማሁት። ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካውን ትንሹን ገመድ አውጥተህ፣ ጠብ ጠብ እያለ እስኪሞላ ሽማግሌዎቹ ግቢው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። «አዴር፣ ሚኒባስ ልከራይ» ብለህ ለምነሃል። «ተከራይተው መጡ እንዲሉን ነው?» አሉህ። «እሺ፣ ልደውልላቸው» ብለሃል። «የሰው ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ በስልክ ሰበብ አይደረድርም። ደርሰን ፊት ለፊት እንናገራለን» አሉ። አንተም ታላቅህን አልተጋፋህም። እኔ ደግሞ የሚጠየቁ ልጆች ወግ ነውና ስልኬን ለእናቴ አስረክቤ ከጓዳ አልወጣሁም። አንድ ጥሪ ብቻ! አንድ «እየመጣን ነው» የሚል ቃል! እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እኛ ቤት ፍየል ታርዷል። የአባቴ ወንድሞች ከገጠር መጥተው ከጁምዓ ጀምሮ ደጅ ደጁን ያያሉ። የዐስር ሶላት ደረሰ። አንዱ «መንገድ ይሆናል» አለ። መግሪብ ተሰገደ። «መንገድ» ያለው ሰውዬም ደጁን ማየቱን ተወ። ሥጋው ለጎረቤት ሲከፋፈል፣ አባቴ ከሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች ደጄን አይረግጡም!» ሲል ሰማሁ። አባቴ በአላህ ስም ምሎ አያውቅም፤ ከማለ ደግሞ አያጥፍም።

ከዒሻ በኋላ መጣችሁ። ያቺ መኪና ድምፅ የላትም፣ አጥሩ ሥር እስክትቆም ማንም አልሰማም። አዴር ሙሐመድአሚን «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። ከእሳቸው ቀጥሎ ያንተን ሰላምታ ሰማሁ። አባቴ «ወዐለይኩም ሰላም» ብሎ መለሰ፣ ሰላምታ አይታለፍምና። መቀርቀሪያውን ግን አልነካውም። «አባባ፣ መሰኪያው አልገጠመም፣ በአላህ» አልክ። ጋዝ አለቀብኝ ብትለው ያምንህ ነበር፣ ጎማ ፈነዳ ብትለው ያምንህ ነበር። መሰኪያው አልገጠመም የሚባል ነገር ግን በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም፤ ያሾፍክበት መሰለው። እኔ ከበሩ በስተጀርባ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆሜ ነበር። ስትሄዱም ድምፅ አልነበራችሁም፤ መሄዳችሁን ያወቅሁት ዝምታው ሲረዝም ነው።

አዴር ሙሐመድአሚን ደግሞ በበኩላቸው «ሁለተኛ እዚያ ቤት!» አሉ። አንተ መኪናዋን ለዴቃ ትተህ ሀርጌሳ ሄድክ፣ ስልክህንም ቀየርክ። እኔ የአጎቴ ልጅ ኤቢ እዚህ ጅግጅጋ፣ ሐረር መውጫው ላይ፣ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሲከፍት ልሥራልህ ብዬ መጣሁ። ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ ለሥራ ነው አልኩ። ግማሹ እውነት ነው። ከአውበሬም ከሌላውም የሚመጣ ሾፌር መኪናውን ሲያቆም፣ ስሙን ከመጠየቄ በፊት የመኪናውን አፍ ነው የማየው። የማይገጥም ሲሆን፣ ሁለቱን መሃል ገብቶ የሚያገጣጥም አዳፕተር አደርግለታለሁ። የእጅ መዳፍ የምታክል ነገር ናት፣ ጉሌድ። ያን ቀን ኪስህ ውስጥ ትገባ ነበር።

ባለፈው ረመዳን ሳይገባ አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። ጥላ ሥር ወንበር ሰጥቼው ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ሰውዬ ከነቤተሰቡ ከሀርሺን መጥቶ፣ መሰኪያውን እየገፋ፣ እያዞረ፣ ላብ በላብ ሆነ። ልጆቹ ውስጥ ያለቅሳሉ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ አባቴ።

«መሰኪያው አልገጠመም» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነስቶ መጣና «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ሁለቱንም ዓይነት እጁ ላይ አደረግሁለት። በአውራ ጣቱ ፒኑንም ቀዳዳውንም እየዳበሰ ብዙ ቆየ። «ልጁ እውነቱን ነበር» አለ። በማግስቱ ኤረር ተመልሶ፣ ለመሐላው ማፍረሻ አሥር ድሆች አበላ። በአትክልቱ ብርቱካን ሥር ነው ያበላቸው። «ደጄ ክፍት ነው፣ ልጁን ይንገሩት» ብሎ ላከልኝ።

ዴቃ ዘንድ ሮጥኩ፣ አላፍርም፣ ሮጥኩ። እህትህ አንገቷን ደፋች። ከወር በፊት ኒካህ ማሰርህን ያኔ ነገረችኝ። እኔም «ማሻ አላህ» አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የዚያን ቀን የሦስት ሰው የገንዘብ መልስ አሳስቼ ኤቢ ተቆጣኝ።

ትናንት ዴቃ ነጯን መኪና ይዛ መጣች። እኔው ነኝ የሰካሁላት። ቀጭ ብሎ ገባ፣ አረንጓዴው መብራት በራ። ዴቃ ሻይ ልጠጣ ብላ ስትሄድ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እስክትሞላ ጠበቅሁ። ስትሞላ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስኬዳትን ርቀት አየሁ። ኤረር ደርሳ ይተርፋታል።

እንግዲህ መልእክቱ ይኸው። ማግባትህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው «ቆይ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ያን ማታ ሰላምታውን በተዘጋ በር ነው የመለስኩለት። እንዲህ ያለ ሰላምታ ዕዳ ነው። አሁን ወጥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ደጁ ላይ ቆሜ መልሼለታለሁ። አድርሺልኝ።»

ወዐለይኩም ሰላም፣ ጉሌድ።

ፌኔት ጀዕፈር