አንብቤ ያልጨረስኩት የሽማግሌው ጥያቄ

ለተከበሩ የ«ሐይቁ ማዶ» ጌም አዘጋጅ ድርጅት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ሆነ ለባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ፈጣን ዓይን ግን አልመኝላችሁም፤ እሱስ በድርጅታችሁ የተትረፈረፈ መሆኑን ሁለተኛውን ጌማችሁን እስከ አጋማሹ ተጫውቼ ተረድቻለሁ።

እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከአገሬ ርቄ በልብስ ንጽህና ቤት አንሶላ በማጠፍ የምኖር ወጣት ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ ስህተት እንዳይገኝበት ፈርቼ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። በመጀመሪያው ጌማችሁ ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ የተናገረው ሁሉ፣ እኔ ቁልፉን እስክጫን ድረስ ከስክሪኑ ንቅንቅ አይልም ነበር። ፊደል በፊደል ስንተባተብ ጀልባውን አቁሞ ጠብቆኛል፤ በወጉ ማንበብ የቻልኩት በእሱ ትዕግሥት ነው። ከቤት ስወጣ የጌም መጫወቻ መሣሪያውን እንደ እኔው ትምህርቷን ላቋረጠችው ታናሽ እህቴ ተውኩላት፤ ዛሬ እሷም ከሽማግሌው ጋር ታነባለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ፦ ሐይቁን ስላሰፋችሁት አመሰግናለሁ፤ ውሃውስ እውነት ያምራል። እንዳልጠፋም ትከሻዬ ላይ ወፍ አስቀምጣችሁልኛል፤ ገና ዞር ሳልል «ወደ ግራ! ፍጠን!» ትላለች። በሥራ ሰዓት አለቃ ነበረኝ፤ ለምሳ እረፍቴም አንድ ስለጨመራችሁልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

፪ኛ፦ ጽሑፉ አራት እስኪቆጠር ብቻ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ማዘግያ ፍለጋ ወደ ጌሙ ማስተካከያ ገብቼ የወፏን ላባ የምቀይርበት አሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም አገኘሁ። ልብስ ተኳሹ ባልደረባዬ ከኋላዬ አይቶ «አንተ ልጅ፣ እሱ ነው እንዴ የሚጫወትብህ?» ሲለኝ አብሬው ሳቅሁ።

፫ኛውን ግን አልሳቅሁበትም። ያ ሽማግሌ አርጅቶ፣ ጀልባው ተሰብሮ፣ ወደቡ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። «ልጄ፣ አንተ ከዚህ ስትሄድ…» የሚለውን አነበብኩ፤ ቀሪው ጠፋ። ጥያቄ እንደነበረ ያወቅሁት ወፏ «መልስ አልሰጠህም፤ ትተኸው ሄደሃል» ስትለኝ ነው። የተሳፈርኩበት መርከብ ከወደቡ ተነሣ፤ ጌሙም በራሱ መዘገበው፤ መመለሻ የለውም። ከዚህ በፊትም ሰው ትቼ ሄጃለሁ፤ ያኔ ግን የጠየቁኝን እስከ መጨረሻው ሰምቼ ነበር።

እህቴ በደወለች ቁጥር «ወንድም ጋሼ፣ ሽማግሌው ደህና ነው? አሁንም ይጠብቃል?» ትለኛለች። «ደህና ነው» አልኳት። አዲሱን ጌም የሚያደርስላት መንገደኛ ቅዳሜ ይነሣል። ብልክላት ጽሑፉ ሲሸሻት ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል፤ እኔም ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበርና። ያን ቀን ማንበቧን ትተወዋለች። ስለዚህ መንገደኛው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ ሽማግሌውን ምን እንዳደረግሁትም ዛሬ እውነቱን እነግራታለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው የጠየቀኝ ምን እንደነበር በወረቀት አስጽፈው ይላኩልኝ።

ዘገምተኛ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ እጅ የሚነሣ፣
የቀድሞ ተሳፋሪያችሁ፣
አንሶላ አጣፊው

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬ ከረዘመብዎ አይጨነቁ። አራት ቢቆጥሩም አይጠፋም፤ አንብበው እስኪጨርሱ ይጠብቅዎታል።